የግንበኞቹ ቤት

ከፒያሳ ወርደው፣ ቀሃን ሳይሻገሩ፣
በግራ በኩል ነው፣ ዝገት በልቶት በሩ።
አሁን የቢራ ሣጥን ተቆልሏል ተደርድሮ፤
ማን ይጠይቀዋል፣ «አንተ፣ ምን ነበርክ ድሮ?»

ጣሊያን ያቆመው ነው፣ ለሲሚንቶ ማደሪያ፤
ሲሸሽ ጥሎት ሄደ፣ ለሌሊት ወፍ መዋያ።
ቆርቆሮው ከነፋስ ጋር ብቻውን ሲያወራ
ሦስት ዓመት ቆየና፣ አንድ ቀን በጠራራ
ግንበኛው ጥጋቡ፣ አባቴ፣ በዚያ አለፈ።
በመዶሻው እጀታ መታ፣ ጆሮውን ለጠፈ፣
ዝም አለ። ዞረና ወደ ማዕዘኑ መጣ፤
«አልሞተም» አለ፣ «የሚሰማው ነው ያጣ።»

ከአዲስ ዓለም ኑርዬ፣ ከወለቃ ዛውዴ፤
«ሦስታችን በአንድ ዕድር? እንዴት ይሆናል እንዴ?»
ዓርብ ለኑርዬ ጸሎት፣ ቅዳሜ ለዛውዴ፣
እሑድ ለአባቴ፤ ቀን ሲያማርጡ መሸ።
ሐሙስ ብቻ ቀረ፣ ማንም ያልጠየቀው፤
እነሱም ያዙት፣ ጌታ የለው ብለው።

ገንዘብ ያለው ጠገራ፣ የሌለው ጥርብ ድንጋይ፣
ድንጋይም ያጣ ሰው፣ የጉልበቱን ሲሳይ።
ሰሜን ግድግዳው ተንዷል፣ እንደ ወለቀ ጥርስ፤
ድንጋዩን ከወንዝ አወጡ፣ ክረምቱ ሳይደርስ።
ከዋንዛ ሣጥን አሠሩ፣ ባለ ሦስት ቁልፍ፣
አንዱ ያለ ሁለቱ እንዳይከፍት በግፍ።

ከተማ ግን ከተማ ነው። ሐሙስ በሩ ሲዘጋ፣
«ምን ይሠራሉ?» ይላል፣ ሌሊቱ እስኪነጋ።
«ከወለቃው ሰው ጋር ማን አገናኛቸው?»
«ጅብ ይጭናሉ አሉ!» «ጥቁር ዶሮ አላቸው!»
«ድንጋይ ያናግራሉ!»
ይህስ እውነት ነበር፤
ሲመቱት ያልመለሰ፣ ከግንብ አይደመር።

ውስጥ ግን ሌላ የለም፤ ሳንቲም ይቆጠራል፣
ከመወጣጫ የወደቀው ፈንቴ ይጠየቃል፣
የድንኳኑ ቀዳዳ በፋኖስ ይሰፋል፣
ኑርዬ ከትከት ብሎ ሁሉን ያስቃል።

በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ካድሬው በሩን ገፋ፤
«የምስጢር ማኅበር ነው! ይከፈት፣ ይውጣ ይፋ!»
ሦስቱን ቁልፍ አልጠየቀም። ሣጥኑን በመጥረቢያ።
ያገኘው ይህ ነው፦
አንድ ጣቃ አቡጀዲ፣ ለሙታን መገነዣ፣
ገመድ ከነቱምቢው፣ ቁራጭ ሻማ፣ መዝገብ።
ፋኖስ አስበርቶ ያን መዝገብ ሲያነብ፣ ሲያነብ፣
የሟች ስም፣ የሟች ስም፣ የከፈን ዋጋ። ነጋ።
«ምስጢሩ ሌላ ቦታ ነው» አለና አዛጋ፣
ሦስቱንም አሠራቸው።
የት?
እዚያው፣ በቤታቸው።

አባቴ ሲያወራው ያስቀው ነበር፦ «ሰባት ወር ተኝቼበት፣
አንዲት ወጣ ያለች ድንጋይ አገኘሁበት።
ለካ እኔው ነኝ የደረደርኳት፣
ዝናብ መጣ ብዬ ተቻኩዬ ያለፍኳት።»

በሰባ ስድስት ክረምት፣ ዛውዴ ተሰወረ።
ደህና ሁኑ አላለም፤ ማለት አይቻልም ነበረ።
በእግሩ፣ በሱዳን በኩል፣ በዚያ ሽበቱ።
ቁልፉ ግን ተገኘ፣ በጨርቅ፣ ከመስኮቱ ሥር፤
የሚከፍተው ሣጥን ከተፈለጠ ስድስት ዓመቱ።

መዝገቡ ላይ በኑርዬ እጅ፣ ከስሙ ጎን፣
«መንገድ ላይ ነው» ይላል። በወሩም፣ በዓመቱም ያው።
መዋጮው ተከፍሏል፤ በየወሩ ሃምሳ ሳንቲም።
ማን ከፈለው?
አይልም።

አባቴም ሄደ፣ ኑርዬም። ቤቱ ለሌላ ተሰጠ።
የኑርዬ ልጅ አንድ ማታ ሦስት ቁልፍ ይዞ መጣ፤
ጠረጴዛዬ ላይ አኖራቸው፣ ሻይ ሳይጠጣ ወጣ።
መዝገቡን አሁን እኔ ነኝ የምጽፈው።

ትናንት ሐሙስ ነበር። ጫኞቹ እስኪሄዱ ቆየሁ፤
በጣቴ አንጓ ሰሜን ግድግዳውን መታሁ።
ያቺ ድንጋይ ዛሬም ወጣ ብላለች።
ዘበኛው «ምን ጠፋህ?» አለኝ።
«ምንም» አልኩት፣ ገባሁ ቤቴ።

የዚህ ወር የዛውዴ አልተከፈለም ነበር።
ሃምሳ ሳንቲም ደግሞ ከገበያ ጠፍቷል፣ ቢፈለግ ቢቆፈር።
አንድ ብር አስቀመጥኩ፣ ጻፍኩ፦
«ዛውዴ። መንገድ ላይ ነው። የሁለት ወር።»